አፍተግር በረቴ ገብቶ ዝም ያልኩባቸው አራት ቀናት

ይህን የምጽፈው ሦስትም አሥርም የወተት ላም ይዛችሁ በእነሱ ለምትተዳደሩ ነው። በ2011 ዓ.ም የገና ሰሞን የከብትን አፍና እግር የሚያቆስለው አፍተግር በረቴ ገባ። አንዳንድ አካባቢ ማዝ ይሉታል። ከ14 ከብቶቼ 12ቱ ታመሙ። ሁለት ጥጆች ሞቱ። አንዷ ጊደር አስወረደች። የአንዲት ላም አንድ ጡት እስከ ዛሬ ወተት አይሰጥም። ይሄ ሁሉ ያንገበግበኛል። ከሁሉ በላይ የሚቆጨኝ ግን ሌላ ነው። በሽታው አፍተግር እንደሆነ ልቤ እያወቀ አራት ቀን ዝም አልኩ። በነዚያ አራት ቀናት በሽታው አጥር ተሻግሮ ጎረቤቴ በረት ገባ።

የምኖረው ሱሉልታ ነው። ወተት እየሸጥን ነው ልጆቻችንን ያስተማርነው። የወተት ሥራ የሚያውቅ ሰው የጾምን ነገር ያውቃል። በጾመ ነቢያት ወተት ገዢ ያጣል። ጾሙ ሊፈታ ሲቃረብ ግን ስልኩ አያርፍም። ያን ዓመትም ለገና ትእዛዝ በዛብኝና አንዲት ጊደር ልጨምር ብዬ ተነሳሁ። ለነገሩ ጊደሯ እርጉዝ እንጂ የምትታለብ አልነበረችም። ግን እጄ ላይ ብር ነበረ፣ ገበያውም ደህና ነው ሲሉ ሰማሁ።

ቅዳሜ ታኅሣሥ 20 የስድስት ወር እርጉዝ የሆነች ክልስ ጊደር ገዛሁ። ሰውዬው የጠራው ዋጋ ከገበያው ዝቅ ያለ ነበር። ስከራከረው ደግሞ ቶሎ ቀነሰልኝ። እኔም ጎበዝ ተከራካሪ የሆንኩ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ገባሁ። ዛሬ ቢሆን ሁለት ነገር እጠይቀው ነበር። ከየት በረት ነው የመጣችው? ለምን ቸኮልክ? ያን ቀን አንዱንም አልጠየቅሁም። ቤት እንደደረስን ከቦራ ጎን አሰርናት። ቦራ ከሁሉም የበለጠ ወተት የምትሰጠኝ ላሜ ነበረች። ከአንድ ገንዳ ጠጡ፣ ከአንድ ግርግም በሉ።

የመጀመሪያው ስህተቴ ይሄ ነው። አዲስ ከብት ገዝታችሁ ስትመጡ ያን ዕለት ከመንጋው አትቀላቅሉ። አፍተግር ከተያዘች በኋላ ምልክቱ እስኪታይ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 14 ቀን ይፈጃል። ገበያ ላይ ጤነኛ መስላ የምትታይ ጊደር በሽታውን ይዛ ልትሆን ትችላለች። ለብቻዋ ቢያንስ ሦስት ሳምንት ትቆይ። ቦታ የለኝም የምትሉ ትኖራላችሁ። እኔም እንደዚያ እል ነበር። የጓሮ ጥግ ላይ በአጠናና በቆርቆሮ የተሠራች ጠባብ መጠለያ ትበቃለች። ዋናው ነገር ውሃዋ፣ መኖዋና ባልዲዋ የራሷ መሆኑ ነው።

ረቡዕ ታኅሣሥ 24 ጊደሯ ለሃጯን ማዝረክረክ ጀመረች። ፉርሽካ ስንሰጣት አሸተተችና ተወችው። ገለባ ወግቷት ይሆናል አልን። አላቢያችን አፏን ከፍቶ በባዶ እጁ ዳበሰ። አንድ ቁስል ነገር አገኘና ጨው አሸው። የአገራችን ልማድ ነው፤ አባቴም እንደዚያ ያደርግ ነበር። ልጁ እጁን በውሃ ለቅለቅ አድርጎ ሌሎቹን ላሞች ሊያልብ ሄደ።

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አንድ ነገር ያዙልኝ። ለሃጯ የሚዝረከረክ ላም አፍ ውስጥ ባዶ እጃችሁን አትክተቱ። የእብድ ውሻ በሽታ የያዛት ላምም ለሃጯን ታዝረከርካለች። ያኛው ሰው ይገድላል። ጓንት ከሌለ ሐኪም እስኪመጣ ይቆይ። ጨው ማሸቱ ደግሞ የተላጠ ሥጋ ላይ ስቃይ ከመጨመር ሌላ ጥቅም የለውም።

ቅዳሜ ታኅሣሥ 27 ማለዳ ቦራ ታመመች። ጠዋት ጠዋት 8 ሊትር የምታወርደው ላም 3 አልሞላም አለች። ከንፈሯን እያጋጨች ጧ ጧ ታደርጋለች። ለሃጯ እንደ ክር እየተጎተተ መሬት ይደርሳል። የኋላ እግሯን ደግሞ አንዴ ግራውን አንዴ ቀኙን እያነሳች ታራግፋለች። እንዳየኋት አወቅሁት። ልጅ ሳለሁ የአባቴ በሬዎች እንደዚያ ሆነው አይቻለሁ። ቃሉ አፌ ላይ መጣ። ዋጥኩት።

ለምን ዋጥኩት? የገና በዓል ሊደርስ ሁለት ቀን ቀርቶታል። ደንበኞቼ ወተት እየጠበቁ ነው። በረቷ በሽታ ገባባት ከተባለ ማን ይገዛኛል ብዬ ፈራሁ። ወረዳው መጥቶ በረቴን ቢዘጋብኝስ አልኩ። ጎረቤት ምን ይለኛል የሚለውም አለ። ስለዚህ አላቢያችንን ጠራሁና «ለማንም እንዳትናገር» አልኩት። ልጁ እኛ ጋ ካለበ በኋላ ጎረቤታችን ጋሼ ጋ ሄዶ ያልባል። ይህን አውቃለሁ። በዚያው ቦቲ ጫማ፣ በዚያው ልብስ፣ በዚያው እጅ ነው የሚሄደው። እያወቅሁ ዝም ብዬ ላክሁት።

እሑድ መርፌ የሚወጋ ሰው አስጠራሁ። ሐኪም አይደለም፤ በሰፈሩ መድኃኒት ይዞ የሚዞር ሰው ነው። የታመሙትን ኦክሲቴትራሳይክሊን የሚባለውን ፀረ ተሕዋስያን ወጋ። ጤነኞቹንም «ለመከላከያ» ብሎ በዚያው መርፌ ወጋቸው። ከፈልኩት፣ አመሰገንኩት። አፍተግር ቫይረስ ነው። ፀረ ተሕዋስያን ቫይረስ አይገድልም። ቁስሉ ላይ ሌላ ባክቴሪያ ሲጨመርበት ብቻ ነው የሚያግዘው፤ እሱም ሐኪም አይቶ ሲያዝ። አንድ መርፌ ይዞ ከታመመ ወደ ጤነኛ መሄድ ደግሞ በሽታን በእጅ ማደል ነው።

ሰኞ ገና ዋለ። ቤታችን እንግዳ ሞልቷል። እኔ በየሰዓቱ ወደ በረት እየወጣሁ ስመለስ አምስተኛዋ ላም ለሃጭ ጀመራት። ከሰዓት በኋላ አንድ ደላላ ደወለ። ከየት እንደሰማ እንጃ፣ «ጊደሯን ልትሸጫት ከፈለግሽ ሰው አለኝ፤ ቶሎ ከሆነ» አለኝ። እውነቱን ልናገር። እሺ ልል ነበር። ነገ ደውልልኝ አልኩት።

ማክሰኞ ሌሊት ወደ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የቦራ ጥጃ ሞተ። የሦስት ሳምንት ወንድ ጥጃ ነበር። ማታ ወተቱን ጠጥቶ፣ ዘሎ፣ ጭራውን ቆልፎ ሲሮጥ አይቼዋለሁ። አፉ ላይ ቁስል የለም። ለሃጭ የለም። ባለቤቴ የባትሪ መብራት ይዞ ሲገባ ተዘርግቶ አገኘው። ገና ይሞቅ ነበር። ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት። ሳይነጋ ለሐኪም ደወልኩ። ያን ስልክ ቅዳሜ መደወል ነበረብኝ።

ሐኪሙ ጥር 1 ረፋዱ ላይ መጣ። ወጣት ልጅ ነው። ወደ በረቱ ከመግባቱ በፊት መኪናውን ውጭ መንገድ ላይ አቆመ። ቦቲ አጠለቀ፣ ጓንት አደረገ፣ በባልዲ የበጠበጠውን ነገር እግሩ ላይ ደፋ። ይሄን ሁሉ ሲያደርግ ሳየው ያለፈው ሳምንት ባለመርፌ ሰውዬ ትዝ አለኝና አንገቴን ደፋሁ።

መጀመሪያ ወለላ የምንላትን ላም አፍ ከፈተ። ምላሷን ሲስበው የምላሷ ቆዳ ተገሽልጦ ጓንቱ ላይ ቀረ። ነጭ፣ እንደ ረጠበ ወረቀት ያለ ነገር። ከሥሩ ቀይ ሥጋ። ላሚቱ አላጓራችም፤ ዝም ብላ ዓይኗን ጨፈነች። ቀጥሎ እግሯን አነሳ። በሁለቱ ሸኮናዎች መሃል ውሃ የቋጠረ እባጭ አለ፣ ያልፈነዳ። «ይቺ ትናንት ነው የጀመራት» አለ። ቦራን አየ። ቁስሏ ፈንድቷል፣ ጠርዙ መደብዘዝ ጀምሯል። «ይቺ አራት አምስት ቀን ሆኗታል።» ከዚያ ወደ ጊደሯ ሄደ። የእሷ ቁስል ሽሮ ነጣ ያለ ጠባሳ መሥራት ጀምሯል። «ይቺስ ሳምንት አልፏታል። እትዬ፣ ይቺን ከየት አመጧት?»

ለካ ቁስሉ ራሱ ቀን ይናገራል። ይህን ሁላችሁም እንድታውቁት እፈልጋለሁ። በመጀመሪያው አንድ ሁለት ቀን እባጩ ውሃ እንደቋጠረ ነው። ከዚያ ይፈነዳና ጠርዙ ጥርት ያለ ቀይ ቁስል ይሆናል። በአራተኛው ቀን ግድም ጠርዙ ይደበዝዛል። በሰባተኛው ቀን ግድም ጠባሳ መያዝ ይጀምራል። ስለዚህ በበረታችሁ ከሁሉ በፊት ማን እንደታመመ፣ በሽታውም መቼና ከማን ጋር እንደገባ መገመት ይቻላል። ማወቁ ደግሞ ለቁጭት ብቻ አይደለም። ከዚያ ቀን ወዲህ ማን መጣ፣ ማን ሄደ፣ ወተቱ የት ተወሰደ ብሎ ለመቁጠር ነው።

ጥጃውን ከፍቶ ልቡን አሳየኝ። ደረቱን ሲከፍት ሌላው ሁሉ ደህና ነው። ልቡ ላይ ግን በቀይ ሥጋው መሃል ነጣ ያሉ መስመሮች ነበሩ። ቫይረሱ የሕፃን ጥጃን የልብ ጡንቻ ያጠቃል አለኝ። ለዚህ ነው አፉ ሳይቆስል ድንገት የሚሞተው። ያገኘውም ከእናቱ ወተት ሊሆን ይችላል። ላሚቱ ምልክት ከማሳየቷ ቀናት ቀደም ብሎ ቫይረሱ ወተቷ ውስጥ ይገኛል። እኔ ደግሞ የታመሙትን ላሞች ወተት ገበያ ባላወጣውም ለጥጆች ይሁን ብዬ እሰጥ ነበር። ሁለተኛው ጥጃ ጥር 3 ሞተ። ጥጆቻችሁን ከታመመች ላም ወዲያው ለዩ። የምትሰጧቸውንም ወተት በደንብ አፍሉት።

የደላላውን ነገር ነገርኩት። ሐኪሙ ቀና ብሎ አየኝ። «እትዬ፣ እርስዎም ያገኙት እንደዚሁ ነው እኮ» አለኝ። ሌላ ምንም አልጨመረም። ጊደሯን የሸጠልኝ ሰው ከእኔ የከፋ ሰው አልነበረም። እሱም ጥጃ ነበረው፣ እሱም ፈርቷል፣ ለእሱም አንድ ደላላ ደውሎለታል ማለት ነው። ስልኬን አንስቼ ደላላውን አልሸጥም አልኩት።

ከዚያ ጋሼ ቤት ሄድኩ። በራቸው ላይ ቆምኩ እንጂ አልገባሁም፤ ሐኪሙ እንዳልገባ አስጠንቅቆኛል። ጋሼ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰው ናቸው። ዘጠኝ ከብት አላቸው። «ጋሼ፣ አፍተግር ገብቶብኛል» አልኳቸው። «መቼ?» አሉኝ። «ቅዳሜ ነው ያየሁት።» ጣታቸውን ቆጠሩ። «አራት ቀን?» አሉ። አልጮሁም። ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር። «አላቢው አንድ አይደል እንዴ፣ ልጄ?» አሉና ወደ በረታቸው ዞሩ።

ሐኪሙ የጋሼን ከብቶች ትኩሳት ለካ። ሁሉም ይበላሉ፣ ያመሰኳሉ። አንዷም ለሃጭ የላትም። ግን ሁለቱ 40.3 እና 40.6 ሆኑ። የጤነኛ ላም ሙቀት ከ38 እስከ 39.3 አካባቢ ነው። በማግስቱ ማታ ሁለቱም ለሃጭ ጀመሩ። ጋሼ ግን ጥር 1 ቀን ማታውኑ ሁለቱን አውጥተው ከጓሮ አስረዋቸው ነበር። ከዘጠኙ የታመሙት አራት ብቻ ሆኑ። ጥጃም አልሞተባቸውም። ቅዳሜ ነግሬያቸው ቢሆን ምናልባት አንዷም ባልታመመች።

የነገሩ መዞሪያ ይህ ቴርሞሜትር ነበር። የበሽታው ትኩሳት ከለሃጩ አንድ ሁለት ቀን ይቀድማል። ለሃጭ እስኪያዩ የሚጠብቁ ሰዎች ሁልጊዜ ከበሽታው ኋላ ናቸው። እኛም ከዚያ ቀን ጀምሮ ገና ምልክት ያላሳዩትን ጠዋትና ማታ መለካት ጀመርን። ቴርሞሜትሩ ጫፍ ላይ ክር ታስሮ፣ በቅባት ለስልሶ በፊንጢጣ ይገባል። ሁለት ደቂቃ ይቆያል። ከአንዷ ወደ ሌላዋ ሲሄድ ተጠርጎ በማጽጃ ይታጠባል። ቁጥሩ ደብተር ላይ ይሰፍራል። 39.5 ካለፈች እየበላችም ቢሆን ትለያለች። እንደዚያ አድርገን ነው ሁለቱን ያተረፍነው። ቴርሞሜትር ርካሽ ዕቃ ነው። አንድ ይግዙና በረት ግድግዳ ላይ ይስቀሉ።

የሥራውንም ቅደም ተከተል ቀየርን። ጤነኞቹ መጀመሪያ፣ የታመሙት መጨረሻ። አላቢያችን ከእኛ ጋ እንዲያድር ሆነና ሌላ ቤት መሄድ አቆመ። የጎደለበትን ደሞዝ እኔ ሞላሁለት። ይሄን አስቡበት፤ አላቢውን «አትሂድ» ብላችሁ ደሞዙን ካልሸፈናችሁ መሄዱ አይቀርም። ልጆቹም ሜዳ ላይ ሣር ማጨድ ተከለከሉ። ድርቆሽ የሚያመጣው መኪና በር ላይ አራግፎ ተመለሰ።

ማጽጃውን በተመለከተ ብዙ ብር የሚያወጣ ሰው አያለሁ። የአፍተግር ቫይረስ ኮምጣጣ ነገር አይችልም፣ ኃይለኛ ሶዳም አይችልም። ሐኪሙ ያዘዘልን 4 በመቶ የሶዳ አሽ ውህድ ነው። 400 ግራም በ10 ሊትር ውሃ። አብያታ ሐይቅ ላይ ሲመረት የነበረው ዓይነት ሶዳ ነው። ዓይንና እጅ ስለሚያቃጥል ጓንት ያስፈልጋል። በር ላይ ጆንያ አጥፈን በዚህ ነከርነው፤ የሚገባም የሚወጣም ይረግጠዋል። ለእጃችንና ለትንንሽ ዕቃ አቼቶ በውሃ ተጠቀምን። በረኪና ብቻውን አላምነውም። እበት ባለበት ላይ ኃይሉ ይሞታል። የትኛውንም ብትጠቀሙ መጀመሪያ እበቱ ተጠርጎ፣ ወለሉ በውሃና በሳሙና ይታጠብ። በቆሻሻ ላይ የፈሰሰ ማጽጃ ገንዘብ ማፍሰስ ነው።

ወተቱን አቆምን። ለደንበኞቼ አንድ በአንድ ደወልኩ። ሕመሙ ሰውን የሚያሰጋ አይደለም፤ የከብት፣ የበግ፣ የፍየልና የአሳማ በሽታ ነው። ሕፃናት እጅና አፋቸው ላይ የሚወጣባቸው ሕመም ሌላ ቫይረስ ነው፣ ከዚህ ጋር አይገናኝም። ግን የወተት ጋን ከበረት በረት ሲዞር በሽታውን ይዞ ይዞራል። ለዚህ ነው ያቆምነው። የሚደፋውን ወተት ሶዳ ጨምረን ጉድጓድ ውስጥ ደፋን። በቀን 90 ሊትር የነበረው ወደ 30 ወርዶ ስለነበር የሚደፋውም ብዙ አልነበረም። ከደንበኞቼ ሁለቱ ብቻ በዚያው ሳይመለሱ ቀሩ። ሌሎቹ ሲሻል ደውዬ ስነግራቸው ተመለሱ። ያን ያህል የፈራሁት ነገር ይሄ ነበር።

ለታመሙት የሚደረገው ነገር ቀላል ነው፤ ትዕግሥት ግን ይፈልጋል። ደረቅ ገለባና ድርቆሽ የቆሰለ አፍ አይችለውም። ፉርሽካ በውሃ አርሰን፣ ለጋ ሣር ከትፈን፣ ከገብስ ዱቄት ቀጠን ያለ ሙቅ ሠርተን ሰጠናቸው። ውሃ በአጠገባቸው አኖርን። አፋቸውን ሐኪሙ በሰጠን ሐምራዊ ፐርማንጋኔት በጣም ቀጥኖ አጠብን። እግራቸው ሥር ደረቅ ጭድ አነጠፍን፤ እርጥብ ወለል የሸኮናውን ቁስል ያመረቅዛል። ቦራን ሦስት ቀን በእጄ እያጎረስኩ ነው ያበላኋት። ሙቁን በመዳፌ ስይዝላት ምላሷን ሳታወጣ በከንፈሯ ትመጥጠው ነበር።

ሐኪሙ ካልፈነዳ እባጭ ላይ ቁራጭ ቆዳ ወስዶ በረዶ ባለበት ሳጥን ሰበታ ወዳለው ብሔራዊ የእንስሳት ላቦራቶሪ ላከ። ውጤቱ ዓይነት ኦ ሆነ። ይሄ ለምን ይጠቅማል ብዬ ጠይቄ ነበር። የአፍተግር ቫይረስ በዓለም ላይ ሰባት ዓይነት ነው። በአንዱ የታመመች ወይም ለአንዱ የተከተበች ላም ለሌላው መከላከያ የላትም። አገራችን ውስጥ ኦ፣ ኤ እና ሳት 2 ተገኝተዋል። ቢሾፍቱ ያለው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ክትባት የሚያዘጋጀውም የሚዞረውን ዓይነት አይቶ ነው። ናሙና ካልተላከ ግን ምን እየዞረ እንደሆነ ማንም አያውቅም።

ስለ ክትባት እኔም የምሳሳትበት ነገር ነበር። በሽታው ከመግባቱ ሁለት ዓመት በፊት ላሞቼን አንድ ጊዜ አስከትቤ «ተከትበዋል» እያልኩ እኮራ ነበር። የአፍተግር ክትባት እንደዚያ አይደለም። መጀመሪያ ሲሰጥ ከአንድ ወር ገደማ በኋላ ይደገማል። ከዚያ በየስድስት ወሩ ይታደሳል። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለበት። ፀሐይ ካገኘው ይበላሻል፣ በረዶ ሆኖ ከረጋም ይበላሻል። ከታቢዎቹ ሊወጉ ሲመጡ የክትባቱን ሳጥን ክፈቱልኝ በሏቸው። ለእያንዳንዷ ላም አዲስ መርፌ ጠይቁ። በሽታ ሰፈር ውስጥ ከገባ ደግሞ ከራቀው ጤነኛ በረት ጀምረው ወደ ውስጥ ይምጡ እንጂ ከታመመው ጀምረው አይውጡ።

አንድ ማታ ጋሼ በአጥሩ ማዶ ቆመው ስለ ደስታ አወሩኝ። ስሙ ደስታ ይባል እንጂ ከብት የጨረሰው በሽታ እሱ ነው። ከምጽዋ በኩል ገብቶ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም ክፉ ቀን ያመጣ። አያታቸው አንድ በሬ ሳይቀርላቸው በዶማ ቆፍረው እንደዘሩ ነገሩኝ። ያ በሽታ ዛሬ የለም። እ.ኤ.አ. በ2011 ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ። አፋር ውስጥ ከራሱ ከአርብቶ አደሩ መካከል የሠለጠኑ ሰዎች ሙቀት የሚችል ክትባት ይዘው በየመንጋው ዞረዋል። የታመመ ከብት ያየም ይናገር ነበር። አፍተግር ከዚያ ይከብዳል፤ ዓይነቱ ብዙ ነው፣ ያገገመችም ላም ቫይረሱን ጉሮሮዋ ውስጥ ለወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይዛ ትቆያለች። ጋሼ ያን ማታ የመጡት ይቅር ሊሉኝ ይሁን ሊያወሩኝ ብቻ፣ አልጠየቅኋቸውም። መምጣታቸው በቃኝ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ሁሉም መብላት ጀመሩ። ወተቱ ግን አልተመለሰም። ቦራ ከዚያ ወዲህ በቀን ከ9 ሊትር አልፋ አታውቅም። ጊደሯ በስምንተኛ ወሯ አስወረደች። አንዷ ላም ደግሞ ፀሐይ ሲበረታ ታለከልካለች፣ ፀጉሯም ረዝሞ ተንጨባረረ። ሐኪሙ ይሄ ከአፍተግር በኋላ አንዳንዶቹ ላይ የሚቀር ነገር ነው ብሎኛል። ጥላ ሠራንላት። ክልስ ላሞች ከአገሬው ዘር ይልቅ በጣም ይጎዳሉ፤ የእኔዎቹ ሁሉ ክልስ ናቸው።

የዛሬው በረቴ በር ላይ ጆንያው አለ። ለእንግዳ የሚሆን ሁለት ጥንድ ቦቲ ተሰቅሏል። አላቢያችን የእኛ ብቻ ነው። ከጋሼና ከሌሎች አምስት ቤቶች ጋር ተስማምተናል። ማንም ለሃጭ ወይም ትኩሳት ያየ ያኑ ሰዓት ይደውላል፤ የደወለውን ሰው ማንም አይወቅስም። ወተቱ ለቆመበት ቤት በየቤታችን ትንሽ ትንሽ አዋጥተን እንሰጣለን። ይህን ውል ያሰርነው በጋሼ ቤት ቡና ላይ ነው። እስካሁን ሁለት ጊዜ ተደውሏል። አንዱ የእሾህ ቁስል ሆኖ ተገኘ። ሌላው እውነተኛ አፍተግር ነበር፤ ከዚያ ቤት ሳይወጣ ቀረ።

በዚህ ወር አንዲት ጊደር ገዝቻለሁ። የጓሮው ጥግ ላይ ለብቻዋ ናት። ባልዲዋ ቀይ ነው፣ ሌላ ማንም አይነካውም። ዛሬ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ስለካት ጋሼ በአጥሩ ማዶ ጥርሳቸውን እየፋቁ ቆመው ነበር።

«ስንት ነው፣ ልጄ?»

«38.6፣ ጋሼ። ዘጠነኛ ቀኗ ነው።»

«ገና ነው» አሉና ወደ በረታቸው ገቡ።